ገንዳ ወይስ ሻወር? መታጠቢያ ቤት ሲታደስ

መታጠቢያ ቤት ሲታደስ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ሰው የሚታጠበው በገንዳ ተቀምጦ ነው ወይስ በሻወር ሥር ቆሞ የሚለው ነው። የቧንቧው መስመር፣ የወለሉ ስሎፕ፣ የቦይለሩ መጠን፣ የሴራሚኩ ዓይነትና የበሩ አከፋፈት ሁሉ ይህን ውሳኔ ይከተላሉ። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ሐሳብን መለወጥ ግድግዳ አስፈንቅሎ ቧንቧ ማስቀየር ነውና ወጪውም ድካሙም እጥፍ ይሆናል።

በሾኔ፣ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞች ይህ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆች የሚልኩት ገንዘብ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት የከተሞቹን መልክ ለውጦታል። በጭቃ ቤት ቦታ የብሎኬት ቤት ቆሟል፤ በመንገድ ዳር ባለፎቅ ቤት ተነሥቷል፤ ጓሮ የነበረው መጸዳጃና መታጠቢያም በብዙ ቤት ወደ ውስጥ ገብቷል። ገንዘቡን የሚልከው ልጅ በሰው አገር ያየውን ነጭ ገንዳ ለእናቱና ለአባቱ ይመኛል። ምኞቱ ከፍቅር የመጣ ነው። በየዕለቱ የሚታጠቡት ግን በቤቱ ያሉት ናቸውና ውሳኔው መነሣት ያለበት ከእነርሱ ዕድሜ፣ ከሮቶው ውሃና ከቦይለሩ አቅም ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ መታጠቢያ ክፍሉ አንድ ብቻ ለሆነ ቤት በደንብ የተሠራ ሻወር ይሻላል። ገንዳ ቦታ የሚያገኘው ውሃው፣ ሙቀቱና ክፍሉ ከበቃ በኋላ ነው።

የውሃው ሒሳብ

በገበያ ላይ የሚገኘው የተለመደ የባኞ ገንዳ ከ150 እስከ 170 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ከ70 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። አንድ ትልቅ ሰው ደልቶት እንዲታጠብበት ከ130 እስከ 180 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። የተለመደ የሻወር ራስ በደቂቃ 9 ወይም 10 ሊትር ሲያፈስ፣ ውሃ ቆጣቢው 6 ሊትር አካባቢ ያፈሳል። የአምስት ደቂቃ ሻወር እንግዲህ ከ30 እስከ 50 ሊትር ይወስዳል፤ ሳሙና ሲመታ ቧንቧውን የሚዘጋ ሰው ደግሞ ከዚህም ባነሰ ይታጠባል። ይህ ልዩነት የሚጠበቀው ግን ሻወሩ አጭር እስከሆነ ድረስ ነው። በተለመደው የሻወር ራስ ሥር ሩብ ሰዓት የሚቆም ሰው አንድ ገንዳ ሙሉ ውሃ ይጨርሳል።

ይህ መጠን ምን ያህል እንደሆነ ከመንግሥት መለኪያ ጋር ሲነጻጸር ይታያል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፣ ማለትም ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. በነበረው ዘመን፣ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የታሰበው የውሃ አቅርቦት ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ነበር። ከዚያ ላነሱት ከተሞች 40 ሊትር፣ ከ50 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ላላቸው ደግሞ 60 ሊትር ተይዟል። ለመጠጥ፣ ለማብሰያ፣ ለልብስና ለገላ ሁሉ የተሰላው መጠን ይህ ነው። በ50 ሊትሩ ሒሳብ አንድ ጊዜ የተሞላ 150 ሊትር ገንዳ የሦስት ሰው የቀን ውሃ ይበላል።

በቤት ደረጃ ሒሳቡ የሚሠራው በሮቶ ነው። አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ስድስት ገንዳ ያህል ይሞላል፤ ለሻወር ግን ከ20 እስከ 30 ሰው ያጥባል። ስድስት ሰው ባለበት ቤት ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ በገንዳ ቢታጠቡ 900 ሊትር ያልቃል፤ ሁሉም ሻወር ቢወስዱ 240 ሊትር አካባቢ ይበቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የመጀመሪያው አሠራር ሮቶውን በአንድ ቀን ባዶ ያደርገዋል፤ በሁለተኛው ቤተሰቡ ቀጣዩን ፈረቃ ሳይጨነቅ ይጠብቃል።

ሻወር ወደ ሕዝብ አገልግሎት የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870ዎቹ ፍራንሷ ሜሪ ዴላቦስት የተባለ ሐኪም በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ በሚገኘው የቦን ኑቬል ወህኒ ቤት ለታራሚዎች ገንዳን በሻወር ተካ። ጥቂት ውሃ በጥቂት ጊዜ ብዙ ሰው ማጠብ ስለቻለ አሠራሩ ወደ ጦር ሰፈሮችና ወደ ሕዝብ መታጠቢያዎች ተዛመተ። በኢትዮጵያ ከተሞች በክፍያ የሚያገለግሉት ሻወር ቤቶችም የሚሠሩት በዚሁ ሒሳብ ነው።

ውሃ በሚቋረጥባቸው ከተሞች ገንዳ ያላቸው ቤቶች ሌላ ጥቅም ሲያገኙለት ይታያል፤ ውሃ በመጣ ቀን ሞልተው ያጠራቅሙበታል። ለጊዜው ችግር ያቃልላል። ይሁንና ክዳን የሌለው ውሃ አቧራ ይገባበታል፣ ቀን ሲቆይ ትንኝ ይራባበታል፣ የገንዳው መድፈኛም ቀስ እያለ ያፈሳል። ከሁሉ የሚከፋው ለሕፃናት ያለው አደጋ ነው። መራመድ የጀመረ ሕፃን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ እንኳ በግንባሩ ወድቆ ሊሰጥም ይችላል። ለማጠራቀሚያ ተብሎ ገንዳ ከማስገባት በዚያው ገንዘብ ክዳን ያለው ሁለተኛ ሮቶ መግዛት ይበልጣል።

የሙቅ ውሃ አቅም

ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናትና የጠዋት ውሃዋ ይቀዘቅዛል። ሾኔ ከእርሷ ዝቅ ብላ ሞቅ ያለች ብትሆንም በክረምት ቀዝቃዛ ውሃ ለሽማግሌና ለሕፃን አይመችም። ስለዚህ በሁለቱም ከተማ መታጠቢያ ቤት የሚያድስ ሰው ስለ ሙቅ ውሃ ማሰቡ አይቀርም።

የቧንቧው ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን፣ 150 ሊትር ውሃን ለመታጠቢያ ወደሚመቸው 40 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ለአንድ ሰው ሻወር የሚበቃውን 40 ሊትር ለማሞቅ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። በቆጣሪው ላይ ያለው ልዩነት አራት እጥፍ ገደማ ነው።

የቦይለሩ መጠንም ብዙ ጊዜ ሳይታሰብ ይቀራል። ውሃውን 60 ዲግሪ ያሞቀ 50 ሊትር ቦይለር ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል 95 ሊትር ያህል የ40 ዲግሪ ውሃ ይሰጣል። ይህ ሁለት ሰው በሻወር ያጥባል፤ ገንዳ ግን ከግማሽ ብዙም አያልፍበትም። ገንዳ ያስገባና የድሮውን 50 ሊትር ቦይለር ያልለወጠ ቤት ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል ማለት ነው። 80 ሊትር ቦይለር 150 ሊትር ያህል ስለሚያወጣ አንድ ገንዳ ይሞላል። ቀጣዩ ሰው ግን ቦይለሩ እንደገና እስኪሞቅ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይጠብቃል፤ 1.5 ኪሎዋት ኃይል ያለው ቦይለር ያንን ውሃ ለማሞቅ የሚፈጅበት ጊዜ ይህን ያህል ነው። በጣሪያ ላይ የሚሰቀል የፀሐይ ኃይል ማሞቂያ በበጋ ይህን ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል። በክረምት ደመና ወራት ግን ብቻውን ስለማይበቃ በኤሌክትሪክ መደገፍ አለበት።

ከሻወሩ ራስ ላይ ወይም ከጎኑ የሚገጠመው፣ ውሃውን በሚፈስበት ቅጽበት የሚያሞቀው መሣሪያም አለ። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፣ ማጠራቀሚያም አይፈልግም። 5 ኪሎዋት ኃይል ያለው እንዲህ ያለ መሣሪያ ከ18 ወደ 38 ዲግሪ የሚያሞቀው ውሃ በደቂቃ 3 ሊትር ተኩል ያህል ነው። ቀጭንም ቢሆን አንድ ሰው ይታጠብበታል፤ 150 ሊትር ገንዳ ለመሙላት ግን ከ40 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፣ እስከዚያም መጀመሪያ የገባው ውሃ ይቀዘቅዛል።

በዚህ መሣሪያ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ220 ቮልት 5 ኪሎዋት ማለት ወደ 23 አምፔር የሚጠጋ የኤሌክትሪክ ፍሰት ስለሆነ ከመብራት መስመር ላይ ተቀጥሎ መሥራት የለበትም። የራሱ ብሬከር፣ ከ4 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ ሽቦና በትክክል የተሠራ ኤርዝ ይፈልጋል። በ30 ሚሊ አምፔር መፍሰስ ኃይል የሚያቋርጥ መከላከያ ቢጨመርበት በእርጥብ እጅ ከሚመጣው ሞት ያድናል። የቤቱ ኤርዝ መኖሩ ሳይለካ በመታጠቢያ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ መግጠም ለሻወርም ለገንዳም አይፈቀድም።

የውሃው ግፊት

ሮቶ ከሻወሩ ራስ በላይ 10 ሜትር ቢሰቀል የውሃው ግፊት 1 ባር ይሆናል። በብዙ ቤት ሮቶው የሚቆመው ከሻወሩ ራስ ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ስለሆነ ግፊቱ 0.2 ወይም 0.3 ባር ነው። ለከፍተኛ ግፊት የተሠሩት ሰፋፊ የጣሪያ ሻወሮች በዚህ ግፊት ይንጠባጠባሉ እንጂ አያፈስሱም። መፍትሔው ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ የሻወር ራስ መምረጥ፣ ከሮቶው የሚወርደውን ቧንቧ ወፍራም ማድረግ፣ ማጠፊያዎችን መቀነስ፣ አቅም ሲኖርም አነስተኛ ፓምፕ መግጠም ነው። ገንዳም ከግፊት ችግር አያመልጥም። በደቂቃ 6 ሊትር የሚያወርድ ቧንቧ 150 ሊትር ለመሙላት 25 ደቂቃ ይፈጅበታል።

ቦታና ክብደት

ሻወር በ90 በ90 ሳንቲ ሜትር ቦታ ላይ በምቾት ይሠራል፤ ሲጠብ 80 በ80 ይበቃል። ገንዳ ከዚህ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ወለል ይይዛል፤ ከፊቱ ደግሞ ሰው የሚቆምበትና ልብስ የሚለብስበት ቦታ ይፈልጋል። መጸዳጃው፣ ላቫማኖውና መታጠቢያው በአንድ ጠባብ ክፍል በተሰበሰቡበት ቤት ገንዳ ከገባ በሩ ከመቀመጫው ጋር ይጋጫል፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚቆምበት ቦታም አይተርፍም።

ፎቅ ላይ ደግሞ ክብደት ይመጣል። መሐንዲሶች የመኖሪያ ቤት ሶሌታን ብዙ ጊዜ የሚያሰሉት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል ጭነት እንዲሸከም ነው። 35 ኪሎ የሚመዝን የአክሪሊክ ገንዳ 150 ሊትር ውሃና 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲይዝ 260 ኪሎ ይሆናል። ይህ በትልቁ ገንዳ ስፋት ላይ ሲከፈል እንኳ ያንን ወሰን ይነካል። ከጊዛ ብረት የተሠራው ገንዳ ባዶውን ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ወሰኑን በግልጽ ያልፋል። ሶሌታው ወዲያው ይወድቃል ማለት አይደለም፤ የቤቱን ፕላን የሠራ መሐንዲስ ሳይጠየቅ ግን ከባድ ገንዳ ፎቅ ላይ መውጣት የለበትም። ግድግዳ የሚያፈርስ ወይም ሶሌታ የሚበሳ እድሳት ከሆነም አስቀድሞ የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ማማከር ያስፈልጋል።

ማን ይታጠብበታል?

የገንዳ ከንፈር ከወለሉ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። ጉልበቷን የሚያማት እናት ያንን ከንፈር ለማለፍ አንድ እግሯን አንሥታ፣ በእርጥብ ወለል ላይ በሌላው እግሯ ብቻ መቆም አለባት። ስትወጣ ደግሞ እግሯ ሳሙና በነካ ለስላሳ ገንዳ ላይ ነው። የሽማግሌ አጥንት አንዴ ከተሰበረ ለመጠገን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ ከዳሌ ስብራት በኋላ እንደ ቀድሞው ሳይራመዱ የሚቀሩም አሉ። ስለዚህ አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት ደረጃ የሌለው፣ ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል የሆነ ሻወር ከሁሉ ይመረጣል። ከወለሉ ከ85 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ በግድግዳው ውስጥ በደንብ የታሰረ መያዣ ብረት፣ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መቀመጫና በእጅ የሚያዝ የሻወር ራስ ሲጨመሩበት አባትም እናትም ያለ ደጋፊ ይታጠባሉ። ያለ ረዳት መታጠብ የሽማግሌ ክብር ነውና ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከሁሉ የተሻለው ወጪ ነው።

ገንዳ የሚያሸንፍበትም ቦታ አለ። ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የደከመ ጡንቻንና የሚጠዘጥዝ መገጣጠሚያን ያፍታታል። አዲስ አበባ ፍልውሃና ወንዶ ገነት ሰው የሚጎርፈው ይህን ምቾት ፈልጎ ነው፤ በእነዚያ ቦታዎች ግን ውሃውን የምታሞቀው ምድር ናት። በቤትም ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት የሆኑ ልጆችን በገንዳ ማጠብ ይቀላል፣ ትልቅ ብርድ ልብስም ይታጠብበታል። ለአራስ ልጅ ግን ገንዳ አያስፈልግም፤ ሳፋ ይበቃዋል፣ ለምታጥበው እናት ወገብም ሳፋው ይመቻል። በገንዳ ውስጥ ያለ ልጅ ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አይተውም። ከቦይለር በቀጥታ የሚመጣ የ60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ስለሚያቃጥልም ልጅ ከመግባቱ በፊት ውሃው በክንድ መፈተሽ አለበት።

ጥሩ ሻወር እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው ሻወርን የሚያማርረው መጥፎ ስለተሠራ ነው። ውሃው በሩ ሥር አልፎ ሳሎን ይደርሳል፣ ግድግዳው በጀርባው ይሻግታል፣ ጉድጓዱ ይሸታል። ሦስቱንም በእድሳት ጊዜ መከላከል ይቻላል።

መጀመሪያው ስሎፕ ነው። ወለሉ ወደ ፍሎር ድሬኑ በእያንዳንዱ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት፤ የሻወሩ ክፍል ከቀሪው ወለል በትንሽ ቁልቁለት ወይም በመስታወት ካልተለየ ውሃው ይበተናል። ሁለተኛው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ነው። ሴራሚክና በመካከሉ የሚሞላው ሲሚንቶ ብቻቸውን ውሃ አያቆሙም። ከሊሾው በላይ፣ ከሴራሚኩ በታች የሚቀባ ሽፋን ወለሉን ሙሉ ሸፍኖ በሻወሩ ግድግዳ ላይ እስከ ሁለት ሜትር መውጣት አለበት፤ ማዕዘኖቹም በጨርቅ መጠናከር አለባቸው። ሽፋኑ ሲደርቅ ጉድጓዱ ተደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ ይተኛበታል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካልጎደለና ከሥሩ ያለው ጣሪያ ካላረጠበ ሴራሚክ ይለጠፋል። ይህን ፈተና ሳያዩ ለባለሙያው ሙሉ ክፍያ መክፈል አይገባም። ሦስተኛው ሲፎን ነው። ከድሬኑ ሥር የሚቀረው አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውሃ የጉድጓዱን ሽታ ይዘጋል፤ ማውረጃ ቧንቧውም 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ፀጉርና ሳሙና አያንቀውም።

ለወለል የሚመረጠው የሚያብረቀርቅ ሳይሆን ሻካራ ሴራሚክ ነው። ትናንሽ ሰሌዳዎች በመካከላቸው ብዙ መስመር ስላላቸው እግር አያንሸራትቱም፤ በስሎፑም ላይ በቀላሉ ይታጠፋሉ።

ገንዳ ከገባ ምን ይታሰባል?

ገንዳ የሚገጠመው በሚቻለው ሁሉ ምድር ቤት ነው። የአክሪሊክ ገንዳ ቀላልና ሙቀት የሚይዝ ቢሆንም ከሥሩ ካልተደገፈ ይረግባል፤ በኢናሜል የተለበጠ የቆርቆሮ ብረት ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን ውሃውን ቶሎ ያቀዘቅዛል፣ ኢናሜሉም ከተላጠ ይዝጋል። በጎኑ የሚገነባው ግድግዳ የሚከፈት መስኮት ሊቀርለት ይገባል፤ አለበለዚያ ሲፎኑ ያፈሰሰ ዕለት ሴራሚክ ማፍረስ ግድ ይሆናል። በግድግዳውና በገንዳው መካከል ሲሊኮን የሚሞላው ገንዳው በውሃ ተሞልቶ እያለ ነው። ክብደቱ ገንዳውን ወደ ታች ስቦ ክፍተቱን ስለሚያሰፋው፣ በባዶው የተሞላ ሲሊኮን የመጀመሪያው ሰው ሲታጠብ ይላቀቃል።

የፍሳሹ መሄጃም መታሰብ አለበት። የከተማ ፍሳሽ መስመር በሌለበት ቦታ ሁሉም ውሃ የሚገባው ወደ ሴፕቲክ ታንክና ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ነው። የገንዳ ውሃ በአንድ ጊዜ 150 ሊትር ሆኖ ሲለቀቅ ታንኩ ውስጥ የረጋውን ቆሻሻ አናውጦ ወደ ማስረጊያው ይገፋዋል፤ ማስረጊያውም ቶሎ ይደፈናል። ሻወርም ይሁን ገንዳ፣ የመታጠቢያው ውሃ ከመጸዳጃው ተለይቶ በራሱ ቧንቧ ቢወጣ ታንኩ ዕድሜ ያገኛል። ተለይቶ የወጣው ውሃ በጓሮ ላለው እንሰትና ለዛፍ ሊውል ይችላል፤ ጥሬውን ለሚበላ ቅጠላ ቅጠል ግን አይደረግም።

ሁለቱንም የሚፈልግ ቤት

ሁለት መታጠቢያ ክፍል ያለው ቤት ምርጫው ቀላል ነው። ምድር ቤት ካሉት ክፍሎች ለሽማግሌዎችና ለእንግዳ በሚመቸው ሻወር ይሠራል፤ ሁለተኛው ገንዳ ይገባበታል። አንድ ክፍል ብቻ ላለው ገንዳ ውስጥ ቆሞ የሚታጠቡበት ሻወር መግጠም ይቻላል፤ ይህ ግን ከፍ ያለውን ከንፈርም የሚያንሸራትተውንም ወለል ስለማያስቀር ለአረጋውያን መፍትሔ አይሆንም። ቤቱ ለኪራይ የሚሠራ ከሆነም ሻወር ይመረጣል፤ ለማጽዳትና ለመጠገን ይቀላል፣ የውሃውንም ሒሳብ ያሳንሳል።

ገበያ ከመወጣቱ በፊት እንግዲህ የሚመለሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ቦይለሩ ምን ያህል ሙቅ ውሃ ይሰጣል፣ ክፍሉ ምድር ነው ወይስ ፎቅ፣ በቤቱ በዕድሜ ትልቁ ማን ነው። መልሶቹ ወደ ሻወር ካደሉና ገንዳውን ለወደፊት ከተመኙት፣ እድሳቱ ሲሠራ የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ መስመር እንዲሁም የፍሳሽ ቧንቧ ገንዳ ሊቆም በሚችልበት ግድግዳ ሥር ተዘርግተው ጫፋቸው ይደፈናል። የውሃው አቅርቦት የተሻሻለ ዕለት ገንዳው ግድግዳ ሳይፈርስ ይገባል።